ማው ማው፦ መሬቱ የማን እጅ ገባ?

በ2003 አንድ ኢትዮጵያዊ ገበሬ በአውሮፕላን ናይሮቢ ገቡ። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። አቀባበሉ ግን የትልቅ ሰው ነበር። የመንግሥት እንግዳ ሆኑ፣ ሆቴል ተያዘላቸው፣ ጋዜጠኛው ከበባቸው። ኬንያውያኑ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት የጠፋው ጄኔራላችን ስታንሊ ማቴንጌ ተገኘልን ብለው ነበር።

ማቴንጌ፣ የኬንያ ተዋጊዎች በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ላይ ያነሱት የማው ማው ዐመፅ አዛዥ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአበርዴር ጫካ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያ አቀና ይባላል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እንግዳው ሽማግሌ ደግሞ የማቴንጌን ቋንቋ ኪኩዩኛን አይችሉም። የዲኤንኤ ምርመራ ተደረገ። ሰውየው ማቴንጌ እንዳልሆኑ ታወቀ። የአገራችን ገበሬ ናቸው፣ በቃ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ከስህተቱ ይልቅ አንጀቴን የበላው ናፍቆቱ ነው። ነፃ ከወጣ 40 ዓመት ገደማ የሆነው አገር፣ የጠፋ ጄኔራሉን ከጎረቤት አገር መንደር እስኪፈልግ ድረስ ምን ቢጎድለው ነው?

ስለ ማው ማው ስንሰማ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ ጀግኖች ናቸው ወይስ ነፍሰ ገዳዮች? እኔ ግን ይህ ክርክር ላይ ላዩ ይመስለኛል። ቆፈር ስታደርጉት ከሥር ሌላ ጥያቄ አለ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት መሬት በመጨረሻ የማን እጅ ገባ? ኬንያ እስከ ዛሬ በማው ማው የምትጨቃጨቀው ይህኛው ጥያቄ ስላልተመለሰ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ።

እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ ብዙ ገንዘብ በላ፤ ስለዚህ ወጪውን የሚመልስ ጭነት ያስፈልጋል ተባለ፣ ለዚህም ነጭ ገበሬዎችን አምጥቶ ማስፈር መፍትሔ ሆኖ ታያቸው። ደጋው ለም ነው፣ አየሩም ለነሱ ተስማሚ ነው። ወደ 7 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን መሬት «የነጮች ደጋ» ተብሎ ተከለለ። እዚያ ውስጥ አፍሪካዊ ባለመሬት መሆን አይችልም። መሥራት ግን ይችላል። በተለይ ከኪኩዩ ሕዝብ ብዙ ቤተሰብ ከአያት ቅድመ አያቱ መሬት ተነቅሎ በነጩ እርሻ ላይ ጉልበቱን እየከፈለ የሚኖር ሆነ። በኛ ቋንቋ ጢሰኛ ብንለው ቃሉ ልክ ይመጣል።

ኪፓንዴ የሚባል ነገርም ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ ለአቅመ አዳም የደረሰ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ የግድ የሚይዘው ወረቀት ነው። ስሙ፣ የጣት አሻራው፣ የአሠሪው ስም፣ ደመወዙ እዚያ ላይ ይጻፋል። አሠሪው «ለቅቄዋለሁ» ብሎ ካልፈረመበት ሌላ ቦታ መቀጠር የለም፣ ጥሎ የሄደ ይታሰራል። ወረቀቱ እንዳይበላሽ በብረት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርጎ በገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። እስቲ አስቡት። የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ በገዛ አገሩ፣ ቃጭል እንደታሰረለት ፍየል አንገቱ ላይ ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ገበያ ይወጣል።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኬንያውያን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ዘመቱ። በ1941 ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ከደቡብ በኩል ከገቡት ወታደሮች ውስጥም ነበሩበት፤ ይህን እኛ ብዙ አናነሳውም፣ ሊነሳ ግን ይገባዋል። ሌሎቹ እስከ በርማ ሄዱ። በኋላ «ጄኔራል ቻይና» ተብሎ የታወቀው ዋሩሂዩ ኢቶቴ በርማ የተዋጋ ነው። ሲመለሱ ምን ጠበቃቸው? አብሯቸው የዘመተው ነጭ ወታደር በኬንያ ደጋ እርሻ የሚያገኝበት ፕሮግራም ወጣለት። እነሱን ግን ያው ኪፓንዴ ጠበቃቸው።

መሐላው የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። በኪኩዩ ዘንድ መሐላ ድሮም የነበረ ነገር ነው፤ ክርክር የሚዳኝበት፣ ቃል የሚታሰርበት። አሁን ግን ለሴቱም ለወጣቱም፣ በሌሊት፣ በጅምላ መሰጠት ጀመረ። የመሐላው ፍሬ ነገር «ኢታካ ና ዊያቲ» ነው። መሬትና ነፃነት ብለን ልንተረጉመው እንችላለን፣ ግን ዊያቲ ከዚያ ጠለቅ ይላል፤ ሰው ራሱን ችሎ፣ የማንም ጥገኛ ሳይሆን መኖር ማለት ነው። መሬት የሌለው ኪኩዩ ማግባትም ሆነ ቤት መሥራት ይቸግረዋል። ዕድሜው ሠላሳ ቢሞላ እንኳ ሽማግሌዎች ፊት ሙሉ ሰው ሆኖ አይቆጠርም። ስለዚህ «መሬት ይመለስ» ሲሉ ከእንጀራ ጥያቄ በላይ ነው፤ ሰው እንሁን ማለታቸው ነው።

«ማው ማው» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። ተዋጊዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት የመሬትና የነፃነት ጦር ብለው ነበር። የአውሬ ጩኸት የሚመስለው ስም ለእንግሊዞቹ ፕሮፓጋንዳ ተመቻቸው፣ እሱው ጸና።

ጥቅምት 1952 ዋሩሂዩ የሚባል (ከጄኔራል ቻይና ጋር ስም ብቻ የሚጋራ) ለእንግሊዝ ታማኝ የሆነ ትልቅ ባላባት በጥይት ተገደለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ጥቅምት 20፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዚያኑ ሌሊት፣ በኋላ የነፃዋ ኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ ተያዘ። ከአምስት ሰዎች ጋር ካፔንጉሪያ በምትባል ራቅ ያለች ቦታ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ የማው ማው መሪ ነህ ተባለ፣ ሰባት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ዳኛው ከመንግሥት 20 ሺህ ፓውንድ ተቀብሎ ነበር። ዋናው ምስክርም ከዓመታት በኋላ በሐሰት መመስከሩን አምኗል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኬንያታ የማው ማው መሪ አልነበረም። የመሐላውና የጫካው ትግል ከሱ እጅ ውጪ የሄደ ነበር፤ እንዲያውም ትግሉን በአደባባይ አውግዟል። ግን እንግሊዝ ባልሠራው ሥራ ስላሰረችው በሕዝቡ ዓይን የትግሉ አባት ሆኖ ወጣ። የኋላው ነገር ሁሉ የተወሳሰበው ከዚህ ነው።

ጫካ የገቡት በአበርዴር ተራሮችና በኬንያ ተራራ ዙሪያ ነው። የውሃ ቧንቧ ለአፈሙዝ፣ የበር መቀርቀሪያ ለመምቻ፣ ጎማ ለማስፈንጠሪያ እያደረጉ ጠመንጃ ይሠሩ ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ደዳን ኪማቲ ለጊዜው አስተማሪ ሆኖ የሠራ፣ ማንበብና መጻፍ የሚወድ ሰው ነው። ማቴንጌ ደግሞ ያልተማረ ግን በውጊያ የተፈተነ። ሁለቱ በኋላ ተጣሉ። ከጠቡ ሥር የተማረና ያልተማረ ጉዳይም ነበረበት።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። ማው ማው ነጭን ብቻ የተዋጋ ንቅናቄ አልነበረም። መጋቢት 26፣ 1953 ማታ ላሪ የምትባል አካባቢ ላይ ቤቶች ከውጭ በገመድ ታስረው፣ ቤንዚን ተርከፍክፎባቸው በእሳት ተለቀቁ። በመስኮት ሊወጣ የሞከረ በቆንጨራ ተመታ። ከ70 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኛው ሴትና ሕፃን። የታማኝ ባላባቶችና ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፉ የመንደር ዘቦች ቤተሰቦች ነበሩ። ለምን ላሪ? የላሪው ባላባት ሉካ ሌሎች «አንወጣም» ያሉትን መሬት ለነጮች ለመልቀቅ ተስማምቶ፣ በምትኩ ላሪ ላይ መሬት የተሰጠው ሰው ነው። መሬት፣ እንደገና። ሌሊቱ ሳይነጋ ደግሞ ዘቦቹና የመንግሥት ኃይሎች ብድር መለሱ። በበቀሉ የሞተው ሰው ቁጥር ከመጀመሪያው አያንስም። እንግሊዞች የመጀመሪያውን ፎቶ ለዓለም አሳዩ፣ ስለ ሁለተኛው ዝም አሉ።

ስለዚህ በኪኩዩ መካከል የእርስ በርስ ጦርነትም ነበር። እኛ «ባንዳ» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለን፣ አንባቢም ዘቦቹን ወዲያው ባንዳ ሊላቸው ይችላል። እኔ እጠነቀቃለሁ። ከነሱ ውስጥ ለጥቅም የገባ አለ፣ ከእንግሊዝ ብሶ የጨከነም ሞልቷል። ግን መሐላውን ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብሎ እምቢ ያለ፣ አባቱ ስለተገደለበት ጠመንጃ ያነሳ፣ በሁለት እሳት መሐል ተይዞ አንዱን የመረጠም አለ። በአንድ ቤት አንዱ ወንድም ጫካ፣ ሌላው ወንድም ዘብ የሆነበት ጊዜ ነው።

በቁጥር እንየው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በቆየባቸው ስምንት ዓመታት የተገደሉት ነጭ ሰፋሪዎች 32 ናቸው። በማው ማው የተገደሉት አፍሪካውያን ሲቪሎች በመንግሥት ቆጠራ ከ1,800 በላይ። በመንግሥት ወገን የተገደሉት ተዋጊ የተባሉ ሰዎች በዚያው ቆጠራ ከ11 ሺህ በላይ፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ከዚህም ብዙ ይበልጣል ይላሉ። በስቅላት የተገደሉት ብቻ ከ1,000 ይበልጣሉ። ሰው መግደል ብቻ ሳይሆን መሐላ ማስማል ወይም ጥይት ይዞ መገኘት ያሰቅል ነበር።

እንግሊዞች ያሸነፉት በጫካ ውጊያ ብቻ አይደለም፣ ሕዝቡን በማሰር ነው። ሚያዝያ 1954 ናይሮቢን ከበው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፈሱ። የተያዘው ሰው ተሰልፎ በአንድ ሰው ፊት ያልፋል። ያ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ጆንያ ለብሷል፣ ለዓይኑ ብቻ ሁለት ቀዳዳ ተትቶለታል። ኪኩዩዎች «ጋኩኒያ» ይሏቸው ነበር፣ ባለ ጆንያዎቹ ለማለት። ጆንያው ራሱን ከነቀነቀ አለቀልህ፣ ወደ ካምፕ ነህ። ማን እንደጠቆመህ ዕድሜ ልክህን አታውቅም። ጎረቤትህ ይሆን? የሚስትህ ወንድም? ይህ ጥርጣሬ ጦርነቱ አልቆም ከሰፈር አልወጣም።

ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጠሬ ደግሞ ቤቱ ፈርሶ፣ ቦይ በተቆፈረበትና ሾህ ሽቦ በታጠረ ከ800 በላይ መንደር ውስጥ ተሰበሰበ። ካምፖቹ ውስጥ ድብደባ፣ ማኮላሸት፣ ሴቶችን በጠርሙስ ማሠቃየት እንደነበር በኋላ ለንደን ፍርድ ቤት የቀረቡት ሰዎች ተናግረዋል። የቅኝ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ግሪፊዝ ጆንስ በ1957 ለአገረ ገዢው ሲጽፍ፣ ኃጢአት የምንሠራ ከሆነ ድምፃችንን አጥፍተን እንሥራ ብሏል። መጋቢት 1959 ሆላ ካምፕ ውስጥ ሥራ እምቢ ያሉ 11 እስረኞች ተደብድበው ተገደሉ። መንግሥት መጀመሪያ የተበከለ ውሃ ጠጥተው ነው የሞቱት አለ። አስከሬን ሲመረመር እውነቱ ወጣ፣ የለንደን ፓርላማ ታመሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 12፣ 1963፣ ኬንያ ነፃ ወጣች።

ታዲያ ተዋጊው መሬቱን አገኘ? አላገኘም። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ 1954 መመለስ አለብን። ተዋጊው ጫካ፣ ደጋፊው ካምፕ እያለ፣ መንግሥት በኪኩዩ አገር መሬት መለካትና ካርታ መስጠት ጀመረ። የተበጣጠሰው ይዞታ ተሰባስቦ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል። ማን ስም? እዚያ የተገኘው። ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ታማኙ ነው። ሰው ከእስር ሲፈታ መሬቱ በዘቡ ስም ተመዝግቦ ይጠብቀዋል። በ1957 በኪኩዩ አካባቢ አፍሪካዊ እንዲመርጥ ሲፈቀድም፣ ድምፅ ለመስጠት የታማኝነት ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ትምህርት ቤት የሄደው፣ ቢሮ የገባው፣ ቡና የተከለው የማን ልጅ እንደሆነ ከዚህ ወዲያ መገመት ነው።

የነጮቹ እርሻስ? በነፃ አልተመለሰም፣ ተሸጠ። ኬንያ ከእንግሊዝ ብድር ወስዳ ከእንግሊዝ ሰፋሪ መሬት ገዛች። በሌላ አነጋገር የተቀማው ሰው የተቀማበትን በዕዳ ገዛ። መግዣ ያለው ወሰደ። ከካምፕ ባዶ እጁን የወጣው ሰው ዳር ቆሞ አየ።

ኬንያታም ከእስር ወጥቶ መሪ ሲሆን ስለ ማው ማው የተናገረው ልብ ይሰብራል። በ1962 ማው ማውን የተወገደ በሽታ ነው፣ ዳግም ሊታወስ አይገባም ብሏል። ለምን እንዲህ አለ? ሁለቱን ምክንያት እኩል ማየት ይኖርብናል። አንደኛ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የጠቆመበት አገር ነው፤ ሂሳብ እናወራርድ ቢባል ሌላ ላሪ ይመጣል። ይህ ፍርሃት ውሸት አይደለም። ሁለተኛው ግን፣ ማው ማውን ማስታወስ መሬት ስጡን ማለት ነው፤ የኬንያታ ቤተሰብና በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ደግሞ ትልልቅ ባለመሬቶች ሆነዋል። «ሁላችንም ነው የታገልነው» የሚለው መፈክር ያማረ ነው። ማንም የተለየ ዋጋ አልከፈለም፣ ስለዚህ ማንም የተለየ ነገር አይጠይቅ ማለትም ይሆናል።

ቢልዳድ ካጊያ ከኬንያታ ጋር ካፔንጉሪያ ላይ የተፈረደበት ሰው ነው። ነፃነት ከመጣ በኋላ መሬት ለሌላቸው በነፃ ይሰጥ እያለ ወተወተ። በ1965 ኬንያታ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተናገረው፤ አብረውን የታሰሩት እከሌና እከሌ ቤትና እርሻ አፍርተዋል፣ ካጊያ አንተ ለራስህ ምን አደረግህ? እያለ። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ይህ ጥያቄ ነው። ለራሱ ምንም አለማድረጉ እንደ ነውር ተቆጠረበት። ከካምፕ የወጣው ሌላው ፖለቲከኛ ጄ. ኤም. ካሪዩኪም ያንኑ የመሬት ጥያቄ ሲያነሳ ቆይቶ በ1975 ተገድሎ ተገኘ።

የማው ማው ሕገ ወጥነት ራሱ ከቅኝ ግዛት ጊዜ ጀምሮ ሳይሻር ቆየ። በ1950 የወጣውን እገዳ የኬንያ መንግሥት ያነሳው በ2003 ነው! ነፃነት ከመጣ ከ40 ዓመት በኋላ። የኛ ገበሬ ናይሮቢ የገቡትም በዚያው ዓመት ነው፤ አዲስ መንግሥት ገብቶ፣ ሰው የታፈነውን ታሪክ በአንድ ጊዜ ማውጣት የፈለገበት ጊዜ ነበር። ጉጉቱን የምረዳው ለዚህ ነው።

በ2009 አዛውንቶቹ እንግሊዝን ለንደን ላይ ከሰሱ። የእንግሊዝ መንግሥት መከላከያ፣ ኃላፊነቱ በ1963 ወደ ኬንያ መንግሥት ተላልፏል የሚል ነበር። የተሠቃየው ሰው ሥቃዩን ራሱ ይጠየቅበት እንደማለት ነው። በክርክሩ መሐል ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የተደበቁ የቅኝ ግዛት ሰነዶች መኖራቸው ታወቀ፣ በ2011 ወጡ። ሰኔ 2013 እንግሊዝ ከልብ አዝናለሁ አለች፣ የጥብቅና ወጪውን ጨምሮ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለ5,228 ሰዎች ለመክፈል ተስማማች። ለአንድ ሰው ሲካፈል 4 ሺህ ፓውንድ አይሞላም። ከ40 ሺህ በላይ ሌሎች ያቀረቡት ክስ በ2018 ውድቅ ሆነ። ንጉሥ ቻርልስ በ2023 ኬንያ ሄዶ ጥልቅ ሐዘኑን ገለጸ፣ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

ሌላም ቅሬታ አለ፣ ከኪኩዩ ውጪ። የናንዲው ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ እንግሊዝን ሲዋጋ ቆይቶ በ1905 ተገድሏል። በባሕር ዳርቻው ሜካቲሊሊ የምትባል የጊሪያማ ሴት በ1913 ሕዝቧን አስነስታለች። ትግሉ ሁሉ ለምን በማው ማው ስም ይጻፋል ይላሉ፣ እውነትም አላቸው። ከዚያ የባሰው ደግሞ መሬት ያጣው ኪኩዩ በነፃነት ማግስት በሪፍት ቫሊ መስፈሩ ነው፤ የማሳዩና የካለንጂኑ የድሮ መሬት ነበርና። በ2007 ምርጫ ማግስት ከ1,100 በላይ ሰው ሲሞት፣ እሳቱ በብርቱ ከነደደባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ሪፍት ቫሊ ነው።

ሙቶኒ ዋ ኪሪማ በጫካ ፊልድ ማርሻል የሚለውን ማዕረግ ያገኙ ሴት ናቸው። ከጫካ የወጡት በ1963 ነው። እዚያ ያሳደጉትን የተገመደ ጸጉር ዕድሜያቸውን ሙሉ አልቆረጡትም። በ2022፣ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ተቆረጠ። መቀሱን የያዙት የኬንያታ ባለቤት ማማ ንጊና ናቸው። ፎቶውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለአንዳንዱ ዕርቅ ነው። እኔ ግን በጫካ ባደገው ጸጉርና መቀሱን በያዘው እጅ መካከል ያን ሁሉ ኤከር መሬት ነው ያየሁት።

ናይሮቢ መሐል የኪማቲ ሐውልት አለ፣ በ2007 የቆመ። የኪማቲ ጎዳናና የማማ ንጊና ጎዳና የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ሰውየው ጥቅምት 1956 እግሩን በጥይት ተመትቶ ተያዘ፣ ሽጉጥ ይዘህ ተገኝተሃል ተብሎ ተፈረደበት፣ የካቲት 18፣ 1957 ንጋት ላይ ካሚቲ እስር ቤት ተሰቀለ። ተቀበረ የተባለው እዚያው እስር ቤት ግቢ ውስጥ ነው፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን የሚያሳይ አልተገኘም። ባለቤቱ ሙካሚ አጥንቱ ተገኝቶ በወግ እንዲቀበር ሲጠይቁ ኖረው ግንቦት 2023 አረፉ።